ማስተር ፕላን ልትማር የሄደችው

በምሄድበት ቀን ዋዜማ፣ ሞጣ እናቴ ቤት፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሊመርቀኝ ተሰብስቦ ነበር። ከምሠራበት ከቢቸና ማዘጋጃ ቤት ሻንጣዬን ይዤ የደረስኩት ያን ቀን ነው። አጥር የምንጋራቸው እትዬ ዘሃራ፣ ከቤታቸው ጋር በተያያዘች ሱቅ ጨርቅ የሚነግዱት፣ አንድ ፌስታል ተምር አስይዘውኝ «ለመሆኑ ጀርመን ድረስ የሚያስኬድ ምን ትምህርት ነው?» አሉኝ።

«ማስተርስ ነው እትዬ። የከተማና የክልል ፕላን።»

«ማስተር ፕላን?» እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «አንቺ ልጅ፣ ልታፈርሺብን ነው እንዴ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በእኛ ከተማ ማስተር ፕላን ሲባል ለሰው የሚታየው ወረቀት አይደለም፤ ይፈርሳል ተብሎ አጥር ላይ የሚቀባ ቀይ ቀለም ነው። እናቴ ግን ኮራ ብላ፣ «ማስተር ፕላኑን የያዘችው ልጄ ከሆነች ማን ይነካናል?» አለች። ማስተርስ ሌላ፣ ማስተር ፕላን ሌላ ብዬ ማስረዳት ነበረብኝ። ሰው አንድ ቃል ሲያጣምም የማላልፍ ሴት ያን ቀን አለፍኩ። ዘግይቼ ነው የተማርኩት፤ ተድሬ ከተፋታሁ በኋላ፣ ከልጆች ጋር ተቀምጬ። እንዲኮሩብኝ ፈልጌ ይሆናል።

እዚህ ጀርመን ዝናቡ እንደኛ ክረምት ጮሆ አይመጣም፤ እንደ ሐሜት ቀስ ብሎ ያረጥባችኋል። ዳቦው ጥቁር ነው፣ ይኮመጥጣል፤ ዓይኔን ጨፍኜ የጤፍ እንጀራ ነው ብል እንኳ ጥርሴ አይታለልም። አከራዬ ሄር ዎልፍ፣ በእኛ አቶ ዎልፍ፣ የሚባሉ ጡረተኛ ናቸው። በመጀመሪያው እሑድ ጠርሙስ ልጥል ስወጣ በር ላይ ያዙኝ።

«በእሑድ ጠርሙስ አይጣልም፤ ሲሰበር ይጮኻል፣ ሰው ያርፋል። ከተማ አይደል የምትማሪው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ከጠርሙስ ጀምሪ!»

ከዚያ ወደ አጥራቸው እያመለከቱ፣ «ማዘጋጃ ቤቱ መንገድ ላሰፋ ብሎ ይቺን ጠይቆኝ ነበር። እምቢ አልኩ። ተከራከርን። ይኸው ዞሮ አለፈ» አሉኝ። እውነትም አስፋልቱ አጥራቸው ጋ ሲደርስ፣ ይቅርታ ጠይቆ እንደሚያልፍ ሰው ጎንበስ ብሎ ይታጠፋል። መንገድ ለሰው አጥር ሲታጠፍ አይቼ አላውቅም ነበር።

በዚያው ሰሞን እናቴ ደወለች። መንገድ ሊሰፋ ነው ተብሎ አጥራችን ቀይ ተቀብቷል። የእትዬ ዘሃራ ተርፏል።

«ንገሪያቸው እንጂ» አለችኝ፣ ወጡን አማስይ የምትል ያህል ቀለል አድርጋ። «ለቀቢዎቹም ልጄ ሳታውቅ አይሆንም ብያቸዋለሁ።»

«ምን አሉሽ?»

«ሳቁ። ምን ያስቃቸዋል?»

ፊቴ ነደደ። ለክፍል ሥራዬ ሞጣን ሣልኩ። መንገዱን ቀጥ ሳደርገው እናቴን ያፈርሳል፤ ሳጣምመው እትዬ ዘሃራን። መምህሬ በትከሻዬ በኩል አይተው «ቀጥ ያለው ይሻላል» አሉ። ልክ ናቸው። ቢቸና ወንበሬ ላይ ብሆን፣ የማላውቃት ሴት ቤት ቢሆን፣ እኔም ያንኑ እል ነበር። እንደዚህ ያፈርኩበት ቀን የለም።

ትናንት እውነቱን ልናገር ቆርጬ ደወልኩ፤ ተማሪ ነኝ፣ ማንም አይጠይቀኝም ልል። የእናቴን ስልክ ያነሱት እትዬ ዘሃራ ናቸው።

«ልጄ፣ እናትሽ አርጅታለች። መንገዱን ወደኔ አርጊው፤ እኔ ባሕር ዳር ልጄ ጋ እገባለሁ።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ...»

«አትስሚያት!» የእናቴ ድምፅ ነው። «በኔ በኩል ይለፍ! ሱቋን አፍርሳ ምን ልትበላ ነው?»

«ዝም በይ አንቺ ሴትዮ!» አሉ እትዬ ዘሃራ።

ስልኩን ሲነጣጠቁ ይሰማኛል። ሁለቱም መንገዱን ወደየራሳቸው ቤት ይጎትቱታል። ከዚያ እንድፈርድ ስልኩን መሃላቸው ሲያስቀምጡት ሰማሁ።

«አለሽ?» አለች እናቴ።

«አለሁ» አልኩ። ተማሪ ነኝ ማለቱን ትቼ፣ የሞጣን ሥዕል ጠረጴዛዬ ላይ እንደገና ዘረጋሁ።