የአባቴ ቤንዚን

ሻጩ የመኪናውን በር ከፍቶ ዘጋና «እስቲ ድምፁን ስሚው» አለኝ። ሰማሁት። ድም የሚል፣ ወፍራም ድምፅ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ የበሩን ማጠፊያ አየሁ፣ ምንጣፉን ገልጬ ሥሩን ዳሰስኩ፣ ኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ላይ አፍጥጬ በሆዴ «ይሄንንማ ወደ ኋላ መልሰኸዋል» አልኩ። ሰውየው ሳቀና «አባትሽ መካኒክ ናቸው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። አይደለም። አባቴ የጤፍ ነጋዴ ነው።

ልጅ እያለሁ አባቴ ቢቸና ገበያ ላይ ጤፍ ሲገዛ አጠገቡ ቆሜ አየው ነበር። የጆንያውን አፍ አምኖ አያውቅም። እጅጌውን ይሰበስብና ክንዱን እስከ ክርኑ ይከታል፤ ከሥር አንድ ጭብጥ አውጥቶ መዳፉ ላይ ይበትነዋል፣ እፍ ይልበታል፣ ከዚያ ቀና ብሎ ባለጤፉን ያያል። ከላይ ያለው ለዓይን የተቀመጠ ነው፣ የሚበላው ከታች ያለው ነው ይል ነበር። ይህንን አመሉን ቤትም ይዞት ይገባል። ወተት ሲመጣ ጣቱን ይነክራል። አስተማሪዬ ጎበዝ መሆኔን ሲነግረው «በምን አወቅህ?» ብሎ ጠየቀው። እኛም ልጆቹ ምንም ነገር ሳናገላብጥ መቀበል የማንችል ሆነን አደግን።

እንዲህ ያለ ሰው መኪና ሲገዛ አስቡት። ያኔ የቤት መኪና እዚሁ አገር መገጣጠም ተጀምሮ ነበር። አባቴ አዲስ አበባ ሄዶ ሰንብቶ አንድ አመድማ አውቶሞቢል ይዞ መጣ። የወንበሮቹን ላስቲክ አላስነሳም፤ ፀሐይ ሲበረታ ላስቲኩ ጭናችን ላይ ይጣበቅና ስንወርድ እየተላጠ ያሳምመናል። ውስጡ የአዲስ ፕላስቲክና የሙጫ ሽታ ነበረው። ያንን ሽታ ዛሬም አንዳንድ የጫማ መደብር ስገባ አገኘዋለሁ፤ ቆም እላለሁ።

ከተማው ግን መኪናውን አላመነውም። ዕቃው በሳጥን ከቻይና መጥቶ እዚህ ብሎኑ ብቻ የጠበቀለት ነው ተባለ። የበሩ ድምፅ ቆርቆሮ ነው ተባለ። እውነትም ገና ዓመት ሳይሞላው የኋላው መስኮት ማዞሪያ እናቴ እጅ ላይ ቀረ፤ መስታወቱም ግማሽ ላይ ቆሞ ሳይወጣ ሳይወርድ ኖረ። የአባቴ መልስ አንድ ነበር፤ «ቢበላሽ ሄጄ የማንኳኳው በር አለ።» ዱባይ ሰው ነድቶ ነድቶ የሸጠውን መኪና ግን ምን ብለህ ትገዛለህ? ደህና ቢሆን ባለቤቱ ለምን ሸጠው? ይህንን ጥያቄ ላገኘው ሰው ሁሉ ያቀርባል፤ መልሱን ግን ቆሞ አይሰማም።

ታላቅ እህቴን ስመኝን ለጋብቻ የጠየቃት ደሳለኝ ሞጣ መድኃኒት ቤት የነበረው ለስላሳ ሰው ነው። ጥፋቱ አንድ ብቻ ነበር። የሚነዳው ከውጭ የገባ አሮጌ ነጭ አውቶሞቢል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችን ሲመጣ አባቴ ሰውየውን ከማየቱ በፊት መኪናውን ዞረው። ኮፈኑን አስከፈተ። ከሥሩ በዓረብኛ የተጻፈ ተለጣፊ አገኘና «ምን ይላል?» አለ። ደሳለኝ ማንበብ እንደማይችል ተናገረ። አባቴ ወደ እናቴ ዘወር ብሎ «የሚነዳው መኪና ምን እንደሚል አያውቅም፣ ልጄን ሊወስድ መጥቷል» አላት። ደሳለኝም በትህትና መኪናው ብረቱ ወፍራም እንደሆነ፣ ቢያረጅም ዋጋው እንደማይወርድ፣ የአባቴ መኪና ግን ከመደብሩ ከወጣበት ቀን ጀምሮ የሚገዛው እንደሌለ አስረዳ። እውነቱን ነበር። እውነት መሆኑ ነው አባቴን ያናደደው።

ሰርጉ ደረሰ። የሰርግ ሳምንት ቤታችን የሁሉም ሰው ቤት ሆነ፤ ወጥ ሠሪው፣ ጠላ ጠማቂው፣ ውሃ ቀጂው ይገባል ይወጣል። እናቴ ከነፍስ አባታችን ያስመጣችው የማርያም ጠበል በትንሽ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ነበር። ወጥ ሠሪዎቹ ውሃ መስሏቸው ሽንኩርት እንዳያጥቡበት ፈራችና አባቴ ጤፍ የሚያኖርበት መጋዘን ውስጥ፣ ከጆንያዎቹ ኋላ ደበቀችው። አባቴ ደግሞ ደጀን ድረስ ሄዶ ከማደያ፣ ሲቀዳ ዓይኑን ሳይነቅል ያስቀዳውን ቤንዚን እንደዚያው ባሉ ሁለት ቢጫ የዘይት ጀሪካኖች አድርጎ፣ ሌባ እንዳይወስድበት እዚያው ከጆንያዎቹ ኋላ ደብቆ ነበር። ሁለቱም ሰው አላመኑም። እርስ በርስም አልተነጋገሩም።

በሰርጉ ቀን ደሳለኝ ከነሚዜዎቹ መጥቶ፣ ተበልቶ ተጠጥቶ፣ ሙሽራዋ ልትወጣ ስትል የነጩ መኪና ቤንዚን ማነሱ ታወቀ። ሚዜዎቹ ከመንገድ ዳር ሊገዙ ተነሱ። አባቴ እጁን ዘርግቶ አቆማቸው። «ያ ቤንዚን ላምባ የተቀላቀለበት ነው። ልጄ በላምባ አትሄድም» አለ። በነጭ ልብሱ መጋዘን ገብቶ ሁለት ጀሪካን አንጠልጥሎ ወጣ። አፉ የተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ አስመጣና አንደኛውን ቀዳ፤ ጥቂቱ መሬት ፈስሶ ግቢው በሙሉ ቤንዚን ቤንዚን ሸተተ። ሁለተኛውንም በዚያው ሽታ መሐል ገለበጠው። ዘፈኑ ደምቆ ነበር። አባቴ እጁን በመሀረብ እየጠረገ፣ ለአማቹ ከጤፉም ከልጁም በላይ የከበደውን ነገር የሰጠ ይመስል ነበር።

እኔ ታናሽ እህት ስለሆንኩ ከሙሽራዋ ጎን ተቀመጥኩ። የአባቴን መኪና አጎቴ እየነዳ የስመኝን ጓደኞች ጭኖ ይከተላል። ከቢቸና ወጥተን ብዙም ሳንርቅ ነጩ መኪና ሳል እንደያዘው ሰው ተንገጫገጨ። ቆመ። ተነሣ። እንደገና ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም ቢያደርጉት አልተነሣም። ሚዜዎቹ ኮቶቻቸውን አውልቀው ገፉ፣ ሪቫኑ አቧራ ላይ ተጎተተ። ደሳለኝ አንገቱን ደፍቶ «ወደ አባትሽ መኪና እንዛወር» አላት። ስመኝ ወረደች። ግማሾቹ ጓደኞቿ ወርደው ቦታ ለቀቁልን፤ እሷን ከነቬሎዋ አቅፈናት እላስቲኩ ላይ ተቀመጥን። የኋላው መስታወት እንደተለመደው ግማሽ ላይ ቆሞ ነበርና የደብረ ወርቅና የጉንደ ወይን አቧራ ሁሉ እላያችን ላይ ገባ። ግን ያ የተናቀ መኪና አንድ ጊዜ ሳያስነጥስ ሞጣ አደረሰን።

የደሳለኝ እናት ወይዘሮ ሙሉነሽ በር ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። የመጣውን መኪና አዩ፣ አቧራ የለበሰችውን ሙሽራ አዩ። እልልታው ተጀምሮ መሐል ላይ ሳሳ። ሙሽራ ባሏ ወስዷት ትመጣለች እንጂ በአባቷ መኪና ራሷን አታመጣም። አንዲት ሴትዮ ከኋላዬ «እግሯ ከባድ ነው፣ ገድ የላትም» ስትል ሰማሁ። ስመኝም ሰምታለች፤ እጄን ይዛ ስለነበር ሰውነቷ ሲደነግጥ ታወቀኝ።

የባሰው በማግስቱ መጣ። መካኒኩ ከነጩ መኪና የቤንዚን መያዣ ውሃ ቀዳ። ውሃ። ቤንዚን ብሎ የሞላው ማን ነው? የሙሽራዋ አባት። የውጭ መኪና ጠላቱ እንደሆነ የማያውቅ አለ? የለም። በልጁ ሰርግ ቀን የአማቹን መኪና ገድሎ በራሱ መኪና ልጁን ላከ፣ ሊያዋርደን ነው ተባለ። እኔን ወደ ቢቸና ሲመልሱኝ ስመኝ አቅፋኝ በጆሮዬ «አባዬን ጠይቂልኝ፣ እውነት አድርጎታል?» አለችኝ። ለመልስ መምጣታቸውም አጠራጠረ። ወይዘሮ ሙሉነሽ ስመኝን አላናገሯትም፤ ምግብ በሰው እጅ ይልኩላታል እንጂ አብረዋት ማዕድ አይቀርቡም።

አባቴ ይህን ሲሰማ ጮኸ። «ዝገት ነው! አሮጌ ብረት ውሃ ያቁራል» አለ። ሲጮህ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ መጋዘን ገብቶ በሩን ዘጋ፤ ብዙ ቆይቶ ሲወጣ ስለ መኪናው አንድም ቃል አልተናገረም። የተናደደ መሰለኝ።

በሁለተኛው ቀን እናቴ ጠበሏን ልታወጣ ሄደች። ከጆንያው ኋላ ያለውን የመጨረሻ ቢጫ ጀሪካን ከፍታ አፍንጫዋን ይዛ ተመለሰች። ቤንዚን ነበር። ደጃፉ ላይ ቁጭ አለችና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። በነጋታው አባቴን «ስመኝን ጠይቄ ልምጣ» ብላ እኔን ይዛ አውቶቡስ ተሳፈረች።

ወይዘሮ ሙሉነሽ እንደ እንግዳ ተቀበሉን፣ እንደ ዘመድ አይደለም። እናቴ የቀረበላትን ሳትቀምስ ጀመረች። «እመቤቴ፣ ልጄን እግሯ ከባድ ነው አይበሏት። ባሌም ክፉ አላሰበም። ጀሪካኑ ተለዋውጦበት ነው። መኪናችሁ የጠጣው ጠበል ነው።»

ሴትዮዋ ዓይናቸውን ሰበር አድርገው አዩዋት። የጤፍ ነጋዴ ሚስት መሆኗን ያውቃሉ፤ ወሬ ፈብርካ ይሆናል ብለው መጠርጠራቸው ፊታቸው ላይ ይነበባል። «የማን ጠበል?» አሉ።

«የማርያም።»

«ማርያምን?»

«ማርያምን።»

ስመኝ በሩ ሥር ቆማ ታዳምጥ ነበር። ወይዘሮ ሙሉነሽ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ፤ ያለቀሱ መስሎኝ ፈራሁ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ነው መሳቃቸውን ያወቅሁት። «እኔ እኮ መርገም መስሎኝ ሌሊቱን ስጸልይ ነው የከረምኩት» አሉ። «ለካ ቤቴ ሳትገባ ተጠምቃ ኖሯል፣ መኪናው ሳይቀር።» ከዚያ ተነሥተው ስመኝን በእጇ ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧት፤ የመጀመሪያውን ጉርሻ ያን ቀን አጎረሷት። ስመኝ እየዋጠች አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ።

እናቴ ስትወጣ አንድ ነገር ለመነች። «ለአባታቸው እንዳይነገር። በገዛ እጁ የልጁን ሰርግ እንዳበላሸ ካወቀ አይበላም፣ አይተኛም።» ወይዘሮ ሙሉነሽ ቃል ገቡ፣ ለልጃቸውም ነገሩት። ከዚያ ወዲህ አባቴ በየበዓሉ ማዕድ ላይ የውጭ መኪና ቆሞ እንደሚያስቀር ሲያወራ፣ ደሳለኝ ዝም ብሎ «ልክ ነዎት አባባ» ይላል። ስንት ዓመት እንዲህ እንዳለ። ቤታችን ውስጥ የተለወጠ ነገር ቢኖር አንድ ነው፤ አባቴ ለጠበል ሰማያዊ ጀሪካን ገዝቶ መጣ። ነጋዴ ነው፣ ርካሽ አግኝቶ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

እኔም ባለፈው ወር ያንን ድም የሚል በር ያለውን መኪና ገዛሁ፤ ከውጭ የገባ፣ ያገለገለ። እዚሁ የሚገጣጠሙትንም አይቻለሁ፤ አሁን በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ናቸው፣ ያምራሉም። እኔ ግን ቢቸናና ሞጣ መሐል የት እንደምሞላቸው አላወቅኩም። አባቴ ምን ይለኝ ይሆን እያልኩ ግቢያችን አስገባሁት። አባቴ አርጅቷል፤ በከዘራ ነው የወጣው። መኪናውን ዞረው፣ ጎማውን በከዘራው ነካ አደረገ፣ በሩን ከፍቶ ዘጋና ድምፁን አዳመጠ። ስድብ ጠበቅሁ። «ወደ እህትሽ ልትሄጂ ነው?» ብቻ አለኝ።

መጋዘን ገብቶ ቢጫ ጀሪካን ይዞ ወጣ። ዛሬም የመንገድ ቤንዚን አያምንም። ልቀበለው እጄን ስዘረጋ አልሰጠኝም። ክዳኑን ፈታ፣ ጀሪካኑን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ዓይኑን ጨፍኖ አሸተተ። ከዚያ ወደ እኔ ዘረጋው።

«አሽትቺው» አለ።

አሸተትኩ። «ቤንዚን ነው» አልኩት።

በከዘራው ወደ ደጃፉ አመለከተ፤ እናቴ እዚያ ተቀምጣ ነበር። «እናትሽም ታሽትተው።»

እናቴ ጀሪካኑን ተቀበለች፣ አሸተተች፣ ከዚያ ቀና ብላ አባቴን አየችው። እሱ አላያትም፤ የመኪናዬን መስታወት በእጅጌው ይወለውል ነበር። ያ ሁሉ ዓመት የደበቀችው እሱን እንዳያሳፍር ነበር፤ እሱም ያ ሁሉ ዓመት ያላወቀ መስሎ የኖረው እሷ የደበቀችውን ላለማጋለጥ ኖሯል። ወተቱን፣ ጤፉን፣ አስተማሪዬን፣ ዓለምን በሙሉ ሲጠረጥር የኖረ ሰው፣ የሚስቱን ዝምታ ሳያገላብጥ ተቀብሎታል።

ያኔ አቧራ ለብሰን ሞጣ የደረስንበት መንገድ ዛሬ አብዛኛው ጥቁር አስፋልት ነው። ያኔ ነጩ መኪና የቆመበትን ቦታ ሳልፍ መስኮቴን ግማሽ ድረስ ዝቅ አደረግሁት። አቧራ አልገባም። ትንሽ እንዲገባልኝ ግን ፈልጌ ነበር።