አባዬ በጆሮው ያያቸው መኪኖች

ባለፈው ዓመት ትልቋ ልጄ ለፀጉሯ የገዛችው የጉሎ ዘይት ከእጇ አመለጠና የጋለ ምድጃ ላይ ፈሰሰ። ጭሱ ቤቱን ሲሞላው እሷ መስኮት ለመክፈት ስትሯሯጥ እኔ ወጥ ቤቱ በር ላይ ደርቄ ቀረሁ። ጣፈጥ ብሎ መጨረሻው ላይ ከረር የሚል ሽታ ነው። «ማም፣ አር ዩ ኦኬ?» አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት፤ አልነበርኩም። ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ከገባ አርባ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ያን ጊዜ አሥር ዓመቴ ነበር። አባዬ በሕይወት ነበር፤ ዓይኑም ገና ጨርሶ አልጠፋም።

የምንኖረው ኦክላንድ፣ ከአፕታውን ሰፈር ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለች አፓርትመንት ነበር። ከሱዳን ከመጣን አራተኛ ዓመታችን ነው። እማዬ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፣ ቅዳሜና እሁድ ሺፍቷ ነው። አባዬ መካኒክ ነበር። አዲስ አበባ በወጣትነቱ የመኪና ውድድር ለሚገቡ ጣሊያኖችና አርመኖች ሞተር ያስተካክል እንደነበር ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል። ኦክላንድ ያገኘው ሥራም ጋራዥ ውስጥ ነበር። የጋራዡ ባለቤት ሬይ የሚባል፣ ፀጉሩ የነጣ ረጅም ፈረንጅ ነው። ሬይ አንዲት የድሮ ቀይ የጣሊያን የውድድር መኪና ነበረችው። ስንቱ ነካክቶት አልነሳም ያለውን ሞተሯን አባዬ በሦስት ሳምንት አስነሳው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሬይ «ዶክ» ነበር የሚለው፤ ዶክተር ማለቱ ነው።

የኔ ዘመን ልጆች ታስታውሱታላችሁ፤ እኛ ከትምህርት ቤት ስንመለስ የሚጠብቀን ሆምወርክ ብቻ አልነበረም። የመብራቱ ደብዳቤ፣ የኢሚግሬሽኑ ፎርም፣ የሐኪሙ ቀጠሮ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ይጠብቀናል። ስልክ ሲደወል «ነይ አናግሪልኝ» ነው። እኔ ድምፄን አወፍርና እማዬን መስዬ እናገር ነበር። ሱፐርማርኬት ስንገባ አባዬ ከኋላዬ ነው የሚቆመው። ያ ትልቅ ሰውዬ፣ ከአሥር ዓመት ልጅ ኋላ።

ኦገስት ላይ፣ ከሞንትሬይ ወዲህ ኮረብታው መሃል ባለው የድሮ የእሽቅድምድም ሜዳ የአሮጌ መኪኖች ውድድር ነበር። ሬይ በቀይዋ መኪናው ሊወዳደር ተመዘገበና «ዶክ፣ ያላንተ አልሄድም፤ ትንሿንም ይዘሃት ና» አለው። አባዬ ያን ሳምንት ልጅ ሆነ። ቡናማዋን ስቴሽን ዋገናችንን ሁለት ጊዜ አጠባት። እማዬ ድፎ ዳቦ ቆርጣ በፎይል ጠቀለለችልን፣ እንቁላል ቀቀለችልን። ዓርብ ከሰዓት ወጣን። በመንገድ ላይ ቀስ ብሎ፣ አንድ ሌን ብቻ ይዞ ነው የነዳው፤ መኪኖች ጡሩምባ እያሰሙ ያልፉናል። ያኔ ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ዳር ከተከልነው ድንኳን ስወጣ መሬቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። እንደዚያ ያለ ድምፅ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም፤ በጆሮ ሳይሆን በሆድ ነው የሚሰማው። ኮረብታው ደርቆ ወርቅ መስሏል፣ አየሩ ቤንዚንና የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። ከሁሉ በላይ ግን ያ ጣፋጭ ሽታ። «ይሄ እኮ የጉሎ ዘይት ነው፣ እናትሽ ፀጉርሽን የምትቀባሽ» አለኝ አባዬ እየሳቀ። «የድሮ ሞተር የሚወደው እሱን ነው።»

አጥሩ ጋ ቆመን ማዳመጥ አስተማረኝ። «ዓይንሽን ጨፍኚ። ይሄ አራት ሲሊንደር ነው። አሁን ማርሽ ቀነሰ፣ ሰማሽ? ይሄኛው ደግሞ እንግሊዝ ነው፣ ሳል አለበት።» መኪናው ከኮረብታው ጀርባ ሳይወጣ የት አገር እንደተሠራ፣ ሞተሩ ምን እንደጎደለው ይናገራል። ሬይ ይህን አይቶ ጓደኞቹን ጠራ። ሰዎቹ ተሰበሰቡ፤ አባዬ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ፣ የሚመጣውን መኪና ሁሉ በድምፁ እየለየ ነገራቸው። አንድም አልሳተም። አጨበጨቡለት። ከኔ ኋላ የሚቆመው አባቴ መሃል ላይ ቆሞ ፈረንጆቹ ዙሪያውን ከበውታል። እኔ እያስተረጎምኩ በኩራት ልቤ ልትፈነዳ ነበር።

ከሰዓት ላይ ነው ነገሩ የተለወጠው። ኩርባው አጠገብ ቆመን ሳለ አንዲት ሰማያዊ መኪና አልፋን ሄዳ በቀኛችን በኩል መንገዱን ሳተች፤ እየተሽከረከረች፣ አቧራ እያስነሳች ወደ እኛ ተወረወረች። ሰው ሁሉ እየጮኸ ወደ ኋላ ሸሸ። እኔም ሸሸሁ። ዞር ስል አባዬ ካለበት አልተነቃነቀም። ፊቱን ወደ ግራ አዙሮ፣ ፈገግ እንዳለ፣ የሚቀጥለውን መኪና ይጠብቃል። ሰማያዊዋ መኪና ከታች የተደረደሩትን ጎማዎች መትታ ቆመች። ያኔ ነው ደንግጦ «ምንድነው? ምን ሆነ?» ያለው።

አንድ ነገር ጠረጠርኩ። ወደ እሱ ተመልሼ የያዝኩትን የሎሚ ጭማቂ ብርጭቆ በቀኝ በኩል ከጆሮው አጠገብ ከፍ አደረግኩት። አላየም። ወደ ፊት አመጣሁት፤ አላየም። ጉንጩን አልፎ ወደ አፍንጫው ሲቀርብ ነው ብርግግ ብሎ የደነገጠው። ፊቴን አየና ገባው። እጄን ይዞ ከሬይ የመኪና መጫኛ ትሬለር ጀርባ ወሰደኝ።

«ሲንስ ዌን?» አልኩት። ስፈራ አማርኛው ይጠፋኛል።

«ከገና በፊት ጀምሮ። ፊት ለፊቴን በደንብ ነው የማየው፣ ሚሚዬ። ጎን ጎኑ ነው የጠፋብኝ። በቧንቧ ውስጥ እንደማየት ነው።»

«ሬይስ? እማዬስ?»

«ማንም አያውቅም። አንቺም አትነግሪም። ሬይ ካወቀ ሥራዬ ይቀራል፣ የመንጃ ላይሰንሴንም ይወስዱብኛል። ሰኞ ሐኪም ቤት እንሄዳለን፤ አንቺ ታስተረጉሚልኛለሽ። ሰኞ። እሺ?»

«ኦኬ» አልኩ።

በዚያው ምሽት ከሕዝብ ስልክ ለእማዬ ደወልን። አባትሽ እንዴት ነው ስትለኝ «ሂ ኢዝ ሶ ሃፒ፣ እማዬ» አልኳት። አባዬ አጠገቤ ቆሞ ነበር። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብናገር ኖሮ እሷ ለሬይ ትነግረው ነበር፤ ሬይ ይነዳልን ነበር። አልተናገርኩም። ለማን እንደራራሁ እንኳ ዛሬ አላውቅም።

እሁድ ሬይ ሦስተኛ ወጣ። ከመኪናው ወርዶ መጀመሪያ ያቀፈው አባዬን ነው፤ ሁለቱም ፊታቸው በዘይት ጠቁሮ ፎቶ ተነሱ። እኔ ቀኑን ሙሉ የአባዬን ቀኝ እጅ አልለቀቅኩም። ሰው እንዳይገጭ፣ ገመድ እንዳይጠልፈው፣ ሬይ እንዳይነቃ። ማታ ሳይሆን ለመድረስ ብለን በጊዜ ወጣን። «ቀኝ ቀኙን እይልኝ» አለኝ። እስከ ጊልሮይ ድረስ አንገቴ እስኪደርቅ አየሁለት፤ «መኪና አለ፣ አሁን የለም፣ እለፍ» እያልኩ። ጊልሮይ ላይ የነጭ ሽንኩርት እርሻዎቹ ሽታ በመስኮት ሲገባ ዓይኔ ይከደን ጀመር። አባዬ ጭንቅላቴን ዳበሰኝ። «ደክሞሻል፤ ትንሽ ሸለብ አድርጊ። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ሌን አልቀይርም» አለኝ።

ተኛሁ።

ድምፁ ትንሽ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ያን ሁሉ ጩኸት የሰማ ጆሮዬ ምንም አልመሰለውም፤ በር እንደመዝጋት ያለ ድምፅ ነው። ስነቃ መኪናችን መንገድ ዳር ቆማለች፣ የአባዬ ወንበር ባዶ ነው። ሳንሆዜ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ቤንዚን ሊቀዳ ወደ ኤግዚቱ፣ ወደ መውጫው፣ ታጥፎ ነበር፤ በቀኛችን አንድ ወጣት የሚነዳው ሞተር ሳይክል ነበር። ልጁ ደረቁ ሣር ላይ ተዘርግቷል። አንድ እግሩ ጫማ የለውም። አባዬ ጃኬቱን አልብሶት፣ ተንበርክኮ እጁን ይዞ «አይዞህ ልጄ፣ አይዞህ የኔ ልጅ» ይለዋል በአማርኛ። ልጁ ሰማዩን ያያል።

አምቡላንሱ ከወሰደው በኋላ ፖሊሱ ወደ እኛ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ተንበርክኮ ነው ያናገረኝ። «አባትሽ ሞተሩን አይቶት ነበር? ምን እንደተፈጠረ በራሱ አነጋገር ይንገረኝ» አለ። ለአባዬ ነገርኩት። አባዬ እጁ ላይ የልጁ ደም አለ። ፖሊሱን ቀጥ ብሎ አየውና ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱን ቃል እየለየ ተናገረ።

«ዓይኔ ከታመመ ቆይቷል። በጎን በኩል አላይም። መንዳት አልነበረብኝም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ በይው።»

ፖሊሱ እስክሪብቶውን ይዞ ይጠብቀኛል። የፖሊሱ መኪና በር ክፍት ነው፤ ከኋላ ወንበር የብረት መከለያው ይታየኛል። አባዬን በሐሳቤ እዚያ ውስጥ አየሁት። መንገዱ እዚያ ጋ ወደ ምዕራብ ዞር ስለሚል ፀሐይዋ ፊት ለፊታችን፣ ዝቅ ብላ፣ ቀልታ ነበር።

«ፀሐይዋ ዓይኑ ውስጥ ገባችበት ነው የሚለው» አልኩ በእንግሊዝኛ። «በጣም አዝናለሁ ይልሃል።»

አባዬ እንግሊዝኛ ብዙ ባይችልም «ሰን» የምትለዋን ቃል ያውቃታል። ወደ እኔ ዞረ። አፉን ከፈተ። ፖሊሱም ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ፣ ዓይኑን አጨነቆረ፣ ራሱን ነቀነቀና ጻፈ። ከተጻፈ በኋላ አባዬ አፉን ገጠመ። ቢናገር ሴት ልጁ ለፖሊስ ዋሸች ሊባል ነው።

ልጁ በሦስተኛው ቀን ሞተ። የሳንሆዜ ልጅ ነበር፣ ኮሌጅ ከገባ ገና አንድ ዓመቱ። ይህን የነገረን ከኢንሹራንስ የመጣ ደብዳቤ ነው፤ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ለአባዬና ለእማዬ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ያንን ደብዳቤ አንድ ቃል ሳላጎድል ተረጎምኩት። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ፀሐይዋን ረገመች። አባዬ ተነስቶ መስኮቱ ጋ ቆመ።

ሰኞ ሐኪም ቤት አልሄድንም። በሚቀጥለውም ሰኞ አልሄድንም። አባዬ ከዚያን ቀን በኋላ መሪ አልጨበጠም፤ መኪናዋን ሸጣት። ጋራዡንም ተወ። ሬይ ሁለት ጊዜ ቤታችን ድረስ መጥቶ «ዶክ፣ ሁሉም ሰው ላይ የሚደርስ ነው» ብሎ ለመነው፤ አባዬ ሻይ አቀረበለትና እስከ በሩ ሸኘው። ሪችመንድ አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ማጣጠፍ ጀመረ፣ በባስ እየተመላለሰ። አራት ዓመት ገደማ ከሠራ በኋላ ያንንም መሥራት አቃተው። እኔን አልተቆጣኝም፣ አልመታኝም፣ ነገሩንም አላነሳም። ሚሚዬ ማለቱን ግን ተወ። ቤተልሔም ነበር የሚለኝ፤ ልክ ትልቅ ሰው እንደሚጠራ።

እማዬ ግድግዳ እየዳበሰ ሲሄድ አይታ በግድ ሐኪም ቤት የወሰደችው አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ ነው። አስተርጓሚዋ እንደተለመደው እኔ ነኝ። ዶክተሯ ረጅም ሰዓት ዓይኑን ስታይ ቆየችና ግላኮማ ነው አለች። በጊዜው ቢመጣ ጠብታ ይበቃው ነበር፤ አሁን የጠፋው አይመለስም። «መቼ ነው የጀመረው?» ብላ ጠየቀች። ለአባዬ ነገርኩት።

«ባለፈው ዓመት ነው፣ በያት» አለኝ።

እንዳለው ተረጎምኩ። ስንወጣ እማዬ ወረቀቱን ልትፈርም ወደ ኋላ ቀረች። ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ይዞ፣ በዝቅታ «ለምን ሳትመጣ ቀረህ ትይኝ ይሆናል» አለኝ። «ሲመረምሩኝ መቼ እንደጀመረ ይጽፉታል። ከተጻፈ የፖሊሱ ወረቀት ሐሰት ይሆናል። ያንቺ ቃል ነው እዚያ ላይ ያለው።»

አምስት ዓመት ሙሉ ቁጭ ብሎ ዓይኑ ሲጠፋ የጠበቀው ለኔ ነው። ክንዴን እንደያዘ እስከ ሊፍቱ ሄድን።

ዛሬ እማዬን ሐኪም ቤት ይዤ ስሄድ ግድግዳ ላይ በአማርኛ ሳይቀር ተጽፎ አያለሁ፤ አስተርጓሚ በነፃ ይቀርብልዎታል ይላል። ልጅ ለወላጁ እንዲያስተረጉም አይፈቀድም። ነርሷ ስልክ አንስታ ቁጥር ትጫናለች፣ አንድ የማያውቀን ሰው የተባለውን እንዳለ ያስተላልፋል። ልጆቼ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስልካቸውን ይነካካሉ። እሰይ እላለሁ። ልጅነታቸው የራሳቸው ነው።

እኔ ግን አሁንም በሐሳቤ እዚያ ፍሪዌይ ዳር እቆማለሁ። ዛሬ ቢሆን የተናገረውን እንዳለ እናገር ነበር። ልጁን አያስነሳውም፤ ለሱ ቅዳሜ ምሽት ስልኩ ላይ ነበር መናገር የነበረብኝ። የልጁ እናት ግን ልጇን ምን እንደገደለው ታውቅ ነበር። አባዬም ይታሰር ነበር ይሆናል፤ ታስሮም፣ ታክሞም ይወጣ ነበር። በኋላ በተዛወሩበት በዩኒየን ሲቲ፣ እማዬ ቤት፣ እዚያ ጥግ ወንበሩ ላይ ሃያ ዓመት ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ አይሞትም ነበር።

ልጆቼ ሲወለዱ አምጥቼ እቅፉ ውስጥ አስቀምጥለት ነበር። በአውራ ጣቱ ቅንድባቸውን፣ አፍንጫቸውን፣ አገጫቸውን ቀስ ብሎ ይዳብሳል። «ማንን ትመስላለች?» ይለኛል። አንተን ነው የምትመስለው እለዋለሁ፤ እውነቴን ነበር። ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል። ይመነኝ አይመነኝ ግን አንድም ቀን አላወቅሁም።