ሁላችንንም የሚችል መኪና

ለቤተሰብ ጉዞ በመኪና የሚጎተት ቤት ከገዛን በኋላ የቀረን የሚጎትተው ትልቅ ኤስዩቪ መኪና መምረጥ ነበር። ወንድሜ ጋርላንድ ከተማ ባለ መሸጫ አንዱን አይቶ ወዶት ነበር። በቤታችን ግን እናቴ ሳትቀመጥበት መኪና ስለማይገዛ ሰባታችንም ልናየው ወደ መሸጫው ሄድን።

እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ማስረዳት ከጀመርኩ አላቆምም። የሹፌሩን በር ከፍቼ መኪናው መሸከም የሚችለው ክብደት የተጻፈበትን ወረቀት አሳየኋቸው። «የመጎተት ጉልበት ብቻውን አይበቃም» አልኳቸው። «ተጎታቹ ከክብደቱ የተወሰነውን መኪናው ላይ ይጭናል። እኛም በዚያ ላይ እንደመራለን።»

«እሺ ቲቸር፣ ፈተናው መቼ ነው?» አለ ወንድሜ።

«አሁን ነው። ስንት ትመዝናላችሁ?»

እየሳቁ ነገሩኝ። እናቴ ብቻ «ሴት እንዲህ ትጠየቃለች እንዴ!» ብላ እምቢ ስላለች የእሷን ገመትኩ። ተጎታቹ ከሚጭነው ጋር ስደምረው ከተጻፈው ክብደት አለፈ።

«በቃ እኔ እቀራለሁ» አለች እናቴ ቶሎ ብላ። «ቤትም የሚጠብቅ ያስፈልጋል።»

ጉዞውን ያሰብነው ግን ጡረታ ስለወጣች፣ እሷን ሐይቅ ዳር ለማሳደር ነበር።

ሻጩ አጠገቡ የቆመውን ረዘም ያለ መኪና በር ከፈተልን። ወንድሜ ቀለሙን ጠላው፤ የተጻፈው ክብደት ግን ከፊተኛው በብዙ ይበልጣል። ደመርኩ፣ አላመንኩም፣ እንደገና ደመርኩ። ከዚያ እፎይ አልኩ።

«እማዬ፣ ማንም አይቀርም።»

«እንዲያ ከሆነማ ትልቁን ድስት እይዛለሁ» አለች ፊቷ ፈክቶ።

ስለ ድስቱ አልተከራከርኳትም። ለእሱም የሚሆን ኪሎ ተርፎን ነበር።