ድንኳን ሰፊዋ በራሷ ድንኳን ያደረች ጊዜ

ድንኳን ስትሰፋ የኖረች ሴት ድንኳን ውስጥ አድራ አታውቅም ብትባሉ ታምናላችሁ? እኔም አላምንም ነበር። ይቺ ሴትዮ ግን ፀጉሯ እስኪሸብት ሸራ ስትቆርጥ፣ ስትገጣጥም፣ ስትጠግን ኖራ አንዲት ሌሊት እንኳ ከሸራ በታች ጎኗን አሳርፋ አታውቅም። ደግሞ ማን ያሳርፋታል? የስፌት ክፍሏና መኝታ ቤቷ በአንድ ግድግዳ ነው የሚዋሰኑት። ወለሉ ላይ አረንጓዴና ቡናማ ሸራ ተቆልሏል፣ ዚፕ በየቀለሙ ከሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል፣ መሃል ላይ ያቺ ከባድ የስፌት መኪና ተጎልታለች። የሸራ መርፌ ወፍራም ነው፤ ቀልድ አያውቅም። አውራ ጣቷ ላይ ያለውን ጠባሳ ያየ ሰው ይመሰክራል።

ባሏ ሾፌር ነው። እንግዶችን ወደ በረሃው ሸለቆ ያወርዳል፣ ገደሉን ያሳያል፣ ሰው በማይሄድበት ጥርጊያ መንገድ ይዟቸው ገብቶ ድንኳን ተክሎ ያሳድራል። "ቀስ!" ማለት ስለሚያበዛ የሥራ ጓደኞቹ "ቀስቴ" አሉት፤ ስሙ በዚያው ቀረ። ቀስቴ አሸዋ ከመግባቱ በፊት ይወርድና የአራቱንም ጎማ ነፋስ ያስተነፍሳል። በመለኪያ አይደለም፣ በጆሮው ነው፤ ፉጨቱ ሲወፍርለት "በቃ" ይላል። ደረቅ ወንዝ ውስጥ ደግሞ ድንኳን አይተክልም፤ ሰማዩ የቱንም ያህል ቢጠራ፣ እንግዳው የቱንም ያህል ቢለማመጠው እምቢ ነው። "እዚህ ባይዘንብ ሌላ ቦታ ይዘንባል፤ ጎርፍ ደግሞ አድራሻ አይጠይቅም" ይላል።

በእንግዳ ወራት ቀስቴ ቤት አይገኝም። ድንኳን የሚቀደደውም በእንግዳ ወራት ነው። ስለዚህ እሱ በረሃ ሲወርድ እሷ ስፌቷ ላይ ናት፤ እሱ ሲመለስ የተቀደደ ሸራ ይዞላት ይመጣል፤ ያንን ጠግና ስትጨርስ ተመልሶ ይሄዳል። ገና አቧራውን ሳያራግፍ "ጣውንቴ እንዴት ናት?" ትለዋለች፤ ሸለቆዋን ማለቷ ነው። "ደህና ናት፣ ሰላም ብላሻለች" ይላታል። ይሳሳቃሉ። ቀልድ ነው እንጂ፣ ውስጡ ትንሽ ቅሬታ ነበረበት። እሱ ቆንጆ ቆንጆውን ሲያይ እኔ አንገቴን ደፍቼ ቀረሁ የምትለው ነገር ነበራት።

ችግሩ የመጣው በሻይ ነው። ቀስቴ ሥራውን ትቶ ቤት መዋል ከጀመረ በኋላ፣ ልጃቸው ልትጠይቃቸው መጣች፤ ነርስ ናት። አባቷ "ቁጭ በይ፣ እኔ ልቅዳልሽ" አለና ሻዩን ከብርጭቆው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰው። "አይ እኔ፣ እጄ ሰነፈ" ብሎ ሳቀ። ልጅቱ አልሳቀችም። እናቷን ወደ ኩሽና ጎተተቻትና በሹክሹክታ፣ "እማዬ፣ አባዬ መሃል መሃሉን አያይም። ባለፈው መንገድ ላይ ፊት ለፊቴ መጥቶ ሳያውቀኝ አለፈኝ። ስጠራው ነው የደነገጠው። ይሄን መኪና መንዳት ማቆም አለበት" አለቻት።

"ታዲያ ንገሪው!" አለች እናቷ በድንጋጤ።

"እኔ ብነግረው 'ልጄ ናቀችኝ' ይላል። አንቺ ነሽ የምትነግሪው። ቁልፉን ተቀበዪው።"

ተቀበዪው! አፍ ላይማ ይቀላል። ከቀስቴ እጅ መሪ መንጠቅ ማለት ከእሷ እጅ መርፌ መንጠቅ ማለት ነው። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስትል ከረመች። አፏን ትከፍታለች፣ ሌላ ነገር ይወጣል። "ዛሬ ብርድ ነው" ትለዋለች፤ ብርድ የለም።

አንድ ጠዋት እሱ ራሱ ጀመረው። "ሸራዬ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አብረን እንውረድ። እኔና አንቺ ብቻ። እንግዳ የለ፣ አለቃ የለ።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን "ቤት ያለውን ሰው ሜዳ ላይ ምን ያስተኛዋል?" ብላ ታሳፍረው ነበር። አሁን ግን እሺ አለች። ጎረቤት በማይሰማበት ቦታ መናገሩ ይቀለኛል ብላ ነው። ደግሞም በዓይኗ ማየት ፈለገች። ልጅቱ ተሳስታ ቢሆንስ? ሰው ሲጨንቀው እንዲህ ነው፤ ነርስ ከነገረችው ይልቅ ምኞቱን ያምናል።

በጠዋት ወጡ። አስፋልቱ አለቀና ቀይ አፈር ጀመረ። ቀስቴ እንደ ልማዱ እያዘገመ ይነዳል። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት አንተን ሳያዩ ነው" አለችው፤ "አንተ እስክትደርስማ እንቁላሉ ደርሶ፣ ጫጩት ሆኖ ተመልሷል።" እሱ ይስቃል እንጂ አይፈጥንም። "አሁን ድንጋይ አለ፣ ያዝ አድርጊ" ይላታል፤ እውነትም ድንጋዩ ይመጣል። "አሁን ወደ ግራ እንታጠፋለን" ይላል፤ ይታጠፋሉ። ከዚያ ያ የሚፈራው ቦታ ደረሰ፤ በስተቀኝ ግድግዳ፣ በስተግራ ገደል፣ መሃሉ ላይ ለመኪናዋ ብቻ የሚበቃ መንገድ። ድንኳን ሰፊዋ ዓይኗን ጨፍና የምታውቀውን ጸሎት ሁሉ አነበነበች። ስትገልጥ አልፈውታል። እሰይ! ያያል እኮ ይሄ ሰውዬ! ከእኔም ይበልጣል! ደስታዋ ልክ አጣ፤ ዳቦ ቆርሳ እየነዳ አጎረሰችው።

ከፍ ያለ ቦታ ላይ መኪናዋን አቆመ። "ውረጂ፣ ይሄን ሳላሳይሽማ አላልፍም።" ወረደች። ወይ የፈጣሪ ሥራ! ከላይ ጡብ የመሰለ ቀይ፣ ከሥሩ ቢጫ፣ ከዚያ ጥላው የወደቀበት ሐምራዊ፤ ሸለቆው እየተጠማዘዘ ዓይን እስኪደክም ይሄዳል። ቀስቴ እጁን ዘረጋ። "ያቺን ዛፍ አየሻት? ከገደሉ ወገብ ላይ ብቻዋን የቆመችውን? ምን ጠጥታ እንደምትኖር እንጃ። እንግዶቼ እሷን ፎቶ ሳያነሱ ሄደው አያውቁም።"

ጣቱን ተከትላ አየች። ዛፍ የለም። ድንጋዩ ተንዶ፣ ሥሯ ተነቅሎ፣ ቦታው ላይ ትኩስ ነጭ ጠባሳ ብቻ ቀርቷል። ያን ሁሉ መንገድ የነዳው በዓይኑ አልነበረም፤ በትዝታው ነው።

"አየኋት" አለች። "ታምራለች።"

ከደረቁ ወንዝ ከፍ ያለች የአሸዋ መደብ ላይ ሰፈሩ። ቀስቴ ድንኳኑን ሲተክል እጁ ማየት አያስፈልገውም፤ ካስማው፣ ገመዱ፣ ምሰሶው የት እንዳለ ጣቱ ያውቃል። እሷ ሻይ አፈላች፣ እንቁላል ቀቀለች። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ገደሉ ከሰል እንደተቀጣጠለበት ምድጃ ቀላ። ጎን ለጎን ቁጭ ብለው ሻያቸውን ያዙ። እንዲያው ደስ ይላል። አሁን ልንገረው? እንዲህ ደስ ብሎት? ኋላ፣ ሻዩን ይጠጣ። ሻዩ አለቀ። ብርዱ መጣና ገና ብርሃን ሳለ ገብተው ጋደም አሉ።

ድንኳን ሰፊዋ ከልማዷ ስፌቱን ስትመረምር ቆየች። "ይሄን ማዕዘን ማነው እንዲህ አንጋዶ የሰፋው?" አለች። "አንቺ" አላት። ሳቀች። ከዚያ ገደሉን ልታይ ወደ መስኮቱ ዞረች። የሚታየው አሸዋ ነው። በሌላ ጎኗ ተገላበጠች፤ በዚያኛው መስኮት የሚታየው የመኪናው ጎማ ነው። ነፋስ ከላይ ነው የሚመታው ብላ፣ ሰው እንዳይበርደው አዝና፣ ዕድሜዋን ሙሉ መስኮቱን ዝቅ፣ ጠበብ አድርጋ ነው የሰፋችው።

"ቀስቴ፣ ገደሉ የት ሄደ?"

"ውጪ ነዋ።"

"እንግዶቹ ተኝተው እንዴት ነው የሚያዩት?"

ቀስቴ ጉሮሮውን ጠረገ። "ፍራሻቸውን ይጎትቱና በሩ ላይ ይተኛሉ። ጭንቅላታቸው ውጪ፣ እግራቸው ውስጥ።"

"ሁሉም?"

"እ... ሁሉም።"

ተነስታ ቁጭ አለች። "አንተ ሰው! ያን ሁሉ ድንኳን ስሰፋ! ያን ሁሉ መስኮት! ለምንድነው ያልነገርከኝ?"

"የመጀመሪያውን ስትሰፊ እያንጎራጎርሽ ነበር። 'አሁን አይበርዳቸውም' አልሽኝ። ምን ብዬ ልንገርሽ? ከዚያ ዓመት አለፈ። ከዓመት በኋላ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይነገራል?"

"የሚወድ ሰው ይናገራል! ዝም ማለት መውደድ መሰለህ? ዝም ማለት ፍርሃት ነው! ሰውን እያወቁ ገደል ሲገባ ማየት..."

እዚህ ላይ ቃሉ አፏ ውስጥ ቀረ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄው ነው። ቀስቴ ይጠብቃል፤ እሷ የሸራውን ጠርዝ ትጨብጣለች፣ ትለቃለች።

"ዛፏ የለችም" አለች በመጨረሻ።

"የቷ ዛፍ?"

"ያሳየኸኝ። ወድቃለች፤ ድንጋዩ ነው የተናደው። አየኋት ያልኩህ ውሸቴን ነው።" እንባዋ መጣ፣ አላገደችውም። "ዓይንህ አያይም ቀስቴ። ልጅህ ነግራኛለች። እኔም አውቄው ነበር፤ ፈርቼ እንጂ። ከእንግዲህ አትንዳ። በቃ። እባክህ።"

ቀስቴ ጎንበስ ብሎ የሸራውን ጠርዝ ዳበሰ። ነፋሱ ሸራውን ይደበድባል። ቀና ሲል ድምፁ አልተቆጣም።

"አሁን ወደ አንቺ ሳይ መሃልሽ የለም። ጆሮሽ አለ፣ ፀጉርሽ አለ። አፍንጫሽን ካየሁ ቆየሁ።"

"አፍንጫዬ ድሮም አያምር" አለች እያለቀሰች።

"እኔ ግን ለምጄው ነበር።" እጇን ፈልጎ ያዘ። "ያመጣሁሽ ልነግርሽ ነው። የመጨረሻዬ መሆኑን አውቃለሁ። መንገድ ላይ እነግራታለሁ ስል ዳቦ አጎረስሽኝ፤ አፌ ሞላ።"

ሁለቱም ሳቁ፤ እንባ ያለበት ሳቅ። ከዚያ ፍራሹን ጎትተው እንደ እንግዶቹ ጭንቅላታቸውን ውጪ አድርገው ተኙ።

ሲነጋ ጥያቄው መጣ፤ ከዚህ ማን ያወጣቸዋል?

"አንቺ" አላት።

"አብደሃል እንዴ? እኔ መሪ ጨብጬ አላውቅ!"

"የስፌት መኪናሽ ፔዳል የላትም?"

"አላት።"

"በኃይል ብትረግጪው ምን ይሆናል?"

"ክሩ ይበጠሳላ!"

"ይቺም ያው ናት። ነይ።"

ረፋዱን ሙሉ ሜዳው ላይ አሰለጠናት። መኪናዋ እንደ እንቁራሪት ዘለለች፣ ጠፋች፣ ተነሳች፣ ደግማ ጠፋች። ድንኳን ሰፊዋ መኪናዋንም፣ ባሏንም፣ የፈጠራትንም ሰው ረገመች። ከዚያ እግሯ ነገሩን ያዘው፤ ፍሪሲዮኑን እንደ ሸራ ስፌት ቀስ አድርጋ ስትለቅ መኪናዋ ለስለስ ብላ ሄደች። "ይሄውልሽ!" አለ ቀስቴ፣ ጭኑን እየመታ።

ጠባቡ መንገድ ጋ ሲደርሱ ቀስ ብሎ በሚጎትተው በከባዱ ማርሽ አስገባት። "አሁን እግርሽን ሁሉ አንሺ፤ ራሷ ትሳባለች። አንቺ መሪውን ብቻ። ቀስ!" እሱ የመንገዱን መታጠፊያ ሁሉ ከመምጣቱ በፊት ይነግራታል፤ እሷ የምታየውን ትነግረዋለች። "ድንጋይ አለ!" "የት ጋ?" "በቀኝ!" "ትንሽ ወደ ግራ፣ ብዙ አይደለም፣ በቃ!" ላቧ በጀርባዋ ወረደ። እጇ መሪው ላይ ደረቀ። ወጡ።

አናቱ ላይ አቆመችና የእጅ ፍሬኑን ጎተተች። ወርዳ ድንጋይ ላይ ዘጭ አለች። ቀስቴ ከኋላዋ ወርዶ አንገቱን ወደ ጎን አዘንብሎ ቆሟል። ፊቱ እርጥብ ነው።

"ምነው? ምን ሆንክብኝ?"

"ጉድ እኮ ነው ሸራዬ። ስንት ዘመን ወጣሁት፣ ወረድኩት፤ ይሄን የጠባቡን መንገድ ግድግዳ ግን አይቼው አላውቅም። ዓይኔ ሁልጊዜ ጎማው ፊት ነበር። ሰው አፍ ከፍቶ ሲያደንቅ ከኋላዬ እሰማለሁ፤ ቀና ብል ገደል እንገባለን። አሁን መሃሉ የለኝም፤ የቀረልኝ ዳር ዳሩ ነው። ገደሉ ደግሞ ያለው ዳር ላይ ነው። ዛሬ አየሁት።"

ድንኳን ሰፊዋ ቀና ብላ ተመለከተችው። ያን ሁሉ ዓመት እሱ ሲደሰት፣ እኔ ስፌት ላይ ቀረሁ ብላ ስትቀየመው ኖራለች። ለካስ እሱም እንደ እሷው አንገቱን ደፍቶ መስመር ሲከተል ነው የኖረው!

"ታዲያ እንዴት ነው?" አለችው።

"አንቺ አላየሽውም እንዴ?"

"ምኑን ልይ! ከመንገዱ በቀር ያየሁት ነገር ካለ ዓይኔ ይጥፋ!"

ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። ቀስቴ ግን ሳቁ ፈነዳ፤ መኪናዋን ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሲበቃው እየዳበሰ መጥቶ አጠገቧ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። "እሺ፣ እንግዲያው ስሚ" አለና፣ ከላይኛው ቀይ ጀምሮ ይነግራት ጀመር።