የጫልቱ አልጋ

ከጎጆ ከተማ የወጣሁት ጭጋግ በወረደበት ምሽት ነበር። እናቴ ትኩስ ድንች በፌስታል ቋጥራ ሰጠችኝና፣ «እዚያ ብርድ እንዳይመታሽ» አለችኝ። ለእናቴ ዓለም ሁሉ እንደ ጎጆ ይበርዳል። ቤሩት ግን ሙቀቷ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ድንቹም መልኩ ያማረ ነው እንጂ ጣዕም የለውም።

በማዳሜ ቤት ያየሁትን አልዘረዝርም፤ የቀመሳችሁት ታውቁታላችሁ። ጠፍቼ ስወጣ የተቀበሉኝ በአንዲት ክፍል የሚኖሩ ሁለት ያገሬ ሴቶች ናቸው። እትዬ ወርቄ የአምቦ ሰው፣ በዕድሜ የምትበልጠን፣ ጾም የማትስት ኦርቶዶክስ። ጫልቱ ደግሞ የሸነን ልጅ፣ ጴንጤ፣ ሳህን ስታጥብ እንኳ የምትዘምር።

ጫልቱ በዐቢይ ጾም ታመመች። በየተራ ከሥራ እየቀረን አስታመምናት፤ ፋሲካ ሲቃረብ ዐረፈች። ወደ ሸነን መላክ አልሆነልንም፣ እዚያው ቀበርናት። ከየሰፈሩ ያሉ ሴቶች ለቅሶ መጡ፤ ክፍላችን ሞልታ ደረጃው ላይ ሁሉ ተቀመጡ። አከራያችን ይህን አይቶ ተቆጣ።

«እኔ ያከራየሁት ለሦስት ሰው ነው!»

«አሁን ሁለት ነን» አለችው እትዬ ወርቄ።

«እነዚህስ?»

«ለቅሶ ደራሾች ናቸው።»

«መቼ ነው የሚሄዱት?»

«ስንጽናና።»

ሴቶቹን አየና፣ «ውኃው እንዳያልቅ» ብሎ ወረደ።

በፋሲካ ዋዜማ፣ «ዘንድሮ ምን በዓል አለን?» አልኩ። እትዬ ወርቄ ሽንኩርት መክተፏን ሳታቆም፣ «ጫልቱ ትነሣለች ብለሽ ታምኛለሽ?» አለችኝ።

«አምናለሁ።»

«እንግዲያው አንቺም ተነሺና ዶሮውን እጠቢ።»

እያለቀስኩ አጠብኩ።

በበዓሉ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ከአሠሪዋ ጠፍታ የመጣች የጎጃም ልጅ ናት፣ አለምነሽ ትባላለች። ባዶ እግሯን ነበረች። ካበላናት በኋላ የት ትተኛ? ከቀብሩ ወዲህ የጫልቱን አልጋ ማናችንም አልነካነውም። አንሶላውን የቀየርኩት እኔ ነኝ፤ ጫልቱን ሁለተኛ የቀበርኳት መሰለኝ። ልጅቷ ግን ጋደም ከማለቷ እንቅልፍ ወሰዳት። እትዬ ወርቄ በነጠላዋ እግሯን ሸፈነችላት።

አለምነሽ ስትነቃ ወደ ሸነን ደውዬ ከጫልቱ እናት ከአዴ በቀለች ጋር በኦሮምኛ እያወራሁ ነበር።

«ልጄን ብቻዋን አልቀበራችኋትም አይደል?»

«ኧረ አዴ፣ መንገዱ ሞልቶ ነበር።»

«አልጋዋስ?»

ፈራሁ። ግን ነገርኳት።

«ልጅቷን አገናኚኝ» አለች።

ስልኩን ለአለምነሽ ሰጠኋት። አዴ በቀለች፣ «ኢንተላ ኮ፣ ጂርታ?» ስትላት ይሰማኛል። አለምነሽ ኦሮምኛ አታውቅም፤ ግራ ገብቷት ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«‹ልጄ፣ አለሽ ወይ?› እያለችሽ ነው» አልኳት።

«አለሁ፣ እማዬ» አለች።

አሁን አዴ በቀለች በየእሑዱ የምትፈልገው እሷን ነው። እኔ መሃል ቁጭ ብዬ አስተረጉማለሁ፤ ስለ ገብሱ፣ ስለ ዝናቡ ስታወራ የእኔም ሆድ ይባባል። አንዳንዴ ትሳሳትና፣ «ጫልቱ» ብላ ትጠራታለች።

አለምነሽ አታርማትም። «አቤት» ትላለች።