ወደ እንፍራንዝ የዘገየችው መኪና

ባሕር ዳር አጠገብ ዘንዘልማ ካለው ቤታችን ፊት ለፊት አንድ ወጣት ጎረቤት መኪናውን ማቆም ጀምሯል። ትናንት ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ልሄድ በሩን ስከፍት ከመኪናዋ ሥር ካርቶን አንጥፎ በጀርባው ተኝቶ አገኘሁት።

«እማማ፣ እንደምን አደሩ? ዘይት ታፈስሳለች። ከየት እንደሆነ ግን ጠፋኝ» አለኝ ከዚያው ሆኖ።

ነጠላዬን ሰብስቤ ጎንበስ አልሁና «ከሥር ብቻ አትፈልገው፤ እስቲ መጀመሪያ ከላይ እየው» አልሁት። እሺ አለኝ። እኔም መንገዴን ቀጠልሁ። ቅዳሴው ላይ ግን አካሌ እንጂ ልቤ አልነበረም። ያ የትኩስ ዘይት ሽታ ከነጠላዬ ጋር ገብቶ፣ የደርግ ጊዜ አንድ መስከረም ይዞብኝ መጣ።

ያኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ በአንድ የባሕር ዳር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር የጀመርሁበት ጊዜ ነው። አባቴ አቶ ተሾመ የሐረርጌ ሰው ነው፤ የፋብሪካ ሥራ አግኝቶ መጥቶ በዚያው የቀረ። እናቴ የሺ ደግሞ የእንፍራንዝ ልጅ ናት። አባቷ መሪጌታ ነበሩ፤ ከተማሪዎቻቸው እስከ ገዛ ልጆቻቸው ሁሉም «የኔታ» ነበር የሚላቸው። እኔ እስከዚያ ዓመት ድረስ አያቴን በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ እናቴን ሊያገባ ሽማግሌ ሲልክ የኔታ «አገሩን ለማላውቀው፣ መሬትም በሬም ለሌለው ደመወዝተኛ ልጄን አልሰጥም» ብለው መለሷቸው። እናቴ ለሕክምና ብላ ባሕር ዳር እንደመጣች ቀረችና ተጋቡ። የኔታም «ደጄን እንዳትረግጥ» ብለው ላኩባት። እሳቸው ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አልነበሩም፤ እሷም የእሳቸው ልጅ ናት። እኔ ተወለድሁ፣ አደግሁ፣ ንጉሡ ወርደው ደርግ መጣ፤ የአባትና የልጅ ኩርፊያ ግን ከነበረበት አልተነቃነቀም።

በዚያ ዓመት፣ የእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ አንድ ዲያቆን ከእንፍራንዝ መጣ። እናቴ ግቢ ውስጥ ተቀምጣ ዓሣ ታጸዳ ነበር።

«እትዬ የሺ፣ የኔታ ደክመዋል» አላት። «ልጄን ጥሩልኝ ይላሉ።»

የዓሣው ቅርፊት እጇ ላይ እንደተጣበቀ ተነሥታ ቆመች። ማልቀስ የጀመረችው ዲያቆኑ በልቶ ጠጥቶ ከሄደ በኋላ ነው። አባቴ ከሥራ ሲገባ «ነገ በአውቶቡስ እሄዳለሁ» አለችው።

«በአውቶቡስማ አትሄጂም» አለ አባቴ። «ይህን ሁሉ ዓመት ቆይተሽ አቧራ ለብሰሽ፣ ከዶሮና ከጆንያ ጋር ተጋፍተሽ አባትሽ ቤት አትገቢም። በገዛ መኪናችን ደጃቸው ድረስ አደርስሻለሁ። ያ ደመወዝተኛ ልጃቸውን እንዴት እንደያዛት ይዩ።»

እናቴም «እሺ፣ እንዳልህ» አለች። ያን ደጅ ብቻዋን መርገጥ ፈርታ እንደነበር የነገረችኝ እኔ ራሴ ልጆች ከወለድሁ በኋላ ነው።

መኪናችን አባቴ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ የገዛት ሰማያዊ አሮጌ መኪና ነበረች። ከቤት ፋብሪካ፣ ከፋብሪካ ገበያ ታደርሳለች። ግን ዘይት ታፈስሳለች። የቆመችበት ቦታ ሁሉ ጥቁር ክብ ትተዋለች፤ እናቴም ጠዋት ጠዋት አመድ ትነሰንስበት ነበር። ለከተማ መንገድ ግድ የለም፤ እየጨመሩ መንዳት ነው። እስከ እንፍራንዝ ያለው ግን ረጅም የጠጠር መንገድ ነው፤ የሞተር ዘይትም እንደ ስኳሩና እንደ ቤንዚኑ በስንት ደጅ ጥናት የሚገኝበት ጊዜ ነበር። «ፎገራ ሜዳ መሐል ዘይቷን ጨርሳ ሞተሩ ነክሶ ቢቆም ማን ይደርስልናል?» አለ አባቴ። ጋራዦቹ በመንግሥት መኪና ተጨናንቀው ስለነበር እዚያው ግቢያችን ውስጥ ሊያበጃት ቆረጠ። ረዳቱ እኔ ሆንሁ። ካቻቢቴ ማቀበል፣ የተፈቱትን ቡሎኖች በየተራቸው ቆርቆሮ ላይ መደርደር፣ ጠባብ ቦታ ሲሆን ቀጭን እጄን ማስገባት የእኔ ሥራ ነበር።

ዘይቱ የሚንጠባጠበው ከሞተሩ ሥር ካለችው የዘይት ማጠራቀሚያ፣ መካኒኮች ኮፓ ከሚሏት፣ ጫፍ ላይ ስለነበር መጀመሪያ ያወረድነው እሷን ነው። አጠብናት፤ ጓርኒሲዮኗን፣ ማለትም ብረትና ብረት ሲገጥም መሐሉ የሚገባውን ስስ ወረቀት፣ ከፋቅን በኋላ አዲስ ገጠምንላት። በማግሥቱ ያው ጥቁር ክብ ተዘርግቶ ጠበቀን። የዘይት መድፊያው ቡሎን ይሆናል ብለን ቀጥለን እሱን አጠበቅነው። እንደገና ያው።

በሦስተኛው አባቴ «በቃ ገባኝ፤ የኋለኛው ፓራኦሊ ነው» አለ። ፓራኦሊ የሚሽከረከረውን ዘንግ ዙሪያውን ይዞ ዘይት የሚከለክል የጎማ ቀለበት ነው። ባሕር ዳር አልተገኘም። አዲስ አበባ ለሚመላለስ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አደራ ብለን ጠበቅን። መስቀል በዚያው ጥበቃ ውስጥ አለፈ። ደመራው ነደደ፣ ዝናቡ ቆመ፣ የሐይቁ ዳር ሣር ቢጫ መሆን ጀመረ። እናቴ ለአባቷ የሚሆን ጋቢ ትፈትል ነበር። አባቴ ከሥራ በገባ ቁጥር እንዝርቷን ሳታቆም «ደረሰ?» ትለዋለች። «አልደረሰም» ይላታል።

ዕቃው ሲደርስ አባቴ የፋብሪካ ጓደኞቹን ጠርቶ ቅዳሜና እሑድን ሙሉ ሲታገሉ ዋሉ። እናቴ ሽሮና ቃሪያ አቅርባላቸው በልተው፣ ጠላቸውን ጠጥተው፣ ተመራርቀው ተለያዩ። ሰኞ ጠዋት ስንወጣ ዘይቱ ከሥር ተኝቷል። አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ራሱን ያዘ። እናቴ አመዷን ይዛ መጣች። በዚያች ሰዓት «በቃ በአውቶቡስ ልሂድ» ብትለው እሺ የሚላት ይመስለኛል። አላለችም። እሱም በራሱ አፍ ሊለው አልቻለም።

በዚያው ሳምንት ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ሳጠፋ የጠመኔው ብናኝ እጅጌዬ ላይ ወረደ። ጠዋት መኪናዋን ስነካካ የነካኝ የማይታይ ዘይት ነበርና፣ ዘይት ባለበት ብቻ ብናኙ ጠቁሮ ተጣበቀ፤ ሌላው ሲራገፍ ሄደ። ቆም ብዬ አየሁት። ከሰዓት በኋላ የጠመኔ ስብርባሪ በወረቀት ጠቅልዬ ወደ ቤት በረርሁ።

«አባባ፣ ሞተሩን በሙሉ እንጠበውና ሲደርቅ ይህን እንንፋበት» አልሁት።

ቅዳሜ ጠዋት በነጭ ጋዝና በብሩሽ ከላይ እስከ ታች አጠብነው። ፀሐይ ላይ ደረቀ። ጠመኔውን ወቅጬ በስስ ጨርቅ ቋጥሬ ሞተሩን ዙሪያውን ሳርከፈክፍበት ዱቄት የተደፋበት መሰለ። አባቴ አስነሳት። ጠበቅን። ኮፓው ነጭ፣ የዘንጉ ዙሪያ ነጭ። እኔ በጀርባ በኩል መስተዋት አስገብቼ አያለሁ። ድንገት ከሞተሩ አናት፣ ከላይኛው ክዳን የኋላ ጥግ፣ አንዲት ቡናማ መስመር በነጩ ላይ ቁልቁል ስትወርድ አየሁ። በሞተሩ ጀርባ ተደብቃ ወርዳ፣ ኮፓውን ዞራ፣ ጫፉ ላይ ደርሳ ጠብ ትላለች።

«ከላይ ነው!» ብዬ ጮህሁ። «አባባ፣ ከላይ ነው የሚፈሰው!»

ክዳኑን ስናነሣው ጓርኒሲዮኑ ደርቆ እንደ ብስኩት ተሰባበረ። ክዳኑም በጥጉ በኩል ትንሽ ጎብጦ ነበር፤ አባቴ ጠፍጣፋ ብረት ላይ አስተኝቶ በቀስታ እየመታ አቀናው። እናቴ ወፍራም ካርቶን አምጥታ፣ ክዳኑን ላዩ ላይ ገልብጣ በእርሳስ ከበበችና በልብስ መቀሷ ቆረጠችው፤ ጥልፍ የለመደ እጅ ስለሆነ ቡሎን ቀዳዳዎቹ ሳይቀሩ ልክክ አሉ። ዘይት አጠጥተን ገጠምነው። በማግሥቱ ከመኪናዋ ሥር ያነጠፍነው ጋዜጣ ደረቁን አደረ። አባቴ ጋዜጣውን እያውለበለበ እናቴን ግቢው መሐል ይዟት ዞረ። «ሰው ያያል፣ ልቀቀኝ» እያለች ትስቃለች። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ሁለቱን እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት እስኪገኝ ጥቂት ቀናት አለፉና በጥቅምት መጨረሻ ተነሣን። ጋቢው አልቋል። ድፎ ዳቦ ተጋግሯል፤ ከአንበሳሜ ገበያ የመጣ ማር በእንስራ ሞልቶ እግሬ መሐል ተቀምጧል። ፎገራ ሜዳ ላይ ኑጉ አብቦ መንገዱን በሁለት ወገን ቢጫ አድርጎታል፤ ቀንዳም ከብቶች መንገድ ዘግተው ሲያቆሙን አባቴ ጥሩንባ እንኳ አልነፋም። ፊቱ ፈክቶ ነበር። እናቴ ግን ከአዲስ ዘመን ከተማ ወዲያ ጋቢውን ደጋግማ ታጥፍ ነበር።

እንፍራንዝ ስንደርስ መኪናዋ የኔታ ደጅ ድረስ ገባች። አባቴ ያሰበው ሁሉ እንዳሰበው ሆነ። የኔታ ከቤቱ ፊት ለፊት መደብ ላይ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ዳዊት ይደግማሉ። መጽሐፍ አልያዙም። የእናቴ እህት ብርቄ ከቤት ሮጣ ወጥታ እናቴን አንገቷን አቀፈቻትና፣ ሁለቱም ለረጅም ጊዜ አለቀሱ። ከዚያ ብርቄ እጇን ይዛ ወሰደቻት።

«የኔታ፣ የሺ መጥታለች። ልጅዎ መጥታለች።»

እናቴ መሬት ላይ ወድቃ ጉልበታቸውን ሳመች። የኔታ ዳዊታቸውን አቋርጠው ቁልቁል አዩዋት። ሽበት የጀመረውን ፀጉሯን በመዳፋቸው ዳሰሱ።

«አይደለችም» አሉ በለሆሳስ። «የሺ እኮ ልጅ ናት። አንቺ ከወዴት ነሽ፣ ልጄ?»

እናቴ ቀና ብላ አየቻቸው። ብርቄ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ከባሕር ዳር ነኝ፣ የኔታ» አለች እናቴ።

«ከባሕር ዳር? እንግዲያው ልጄን ታገኚያት ይሆናል። እዚያ ናት አሉኝ። ካገኘሻት ትምጣ በያት። ደጄን አትርገጪ ያልኋት በቁጣ ነው፤ የአባት ቁጣ ነው በያት። ባሏም አብሯት ይምጣ። ደኅና ሰው ነው አሉኝ።»

«እነግራታለሁ፣ የኔታ።»

«እንዳትረሺ።»

«አልረሳም።»

አባቴ የማሩን እንስራ እንደታቀፈ ከመኪናዋ አጠገብ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። እንስራውን የት እንደሚያስቀምጠው ጠፍቶት ወደ እኔም ወደ መኪናዋም ያያል። የኔታ እጃቸውን ዘርግተው እሱንም ባረኩት፤ ማን ነህ ብለው ግን አልጠየቁትም። ከዚያ ዳዊታቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ፤ አንድም ቃል አላዛነፉም።

ብርቄ በኋላ ነገረችን። መስቀልን ያሳለፉት ልባቸው ሙሉ ሆኖ ነው። ውሻ በጮኸ ቁጥር «የሺ ናት፣ በሩን ክፈቱላት» ይሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ባጭር ጊዜ ውስጥ ሰው መለየት ተሳናቸው። «ምነው ትንሽ ቀደም ብትሉ?» አለች ብርቄ። ማንንም ለመውቀስ ብላ አልነበረም። አባቴ ግን አንገቱን ደፋ፤ ቀና ብሎ እናቴን ለማየት የደፈረ አይመስለኝም።

ስንመለስ ወረታ ላይ መኪናዋን አቆመ። ወርዶ ተንበርክኮ ከሥሯ አየ። «አንዲት ጠብታ የላትም» አለ። ለማን እንደተናገረ አላውቅም። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶን ብዙ ቆመ። እናቴ ወርዳ አጠገቡ ቆመች።

ከዚያ በኋላ እናቴ የኔታ እስኪያርፉ ድረስ በየጊዜው በአውቶቡስ ትሄድ ነበር። በሄደች ቁጥር ለልጃቸው ያንኑ መልእክት ይሰጧታል፤ እሷም ተቀብላ፣ አደርሳለሁ ብላ ትመለሳለች። አባቴ ስለዚያ መስከረም አንድም ቀን አንሥቶ አያውቅም። እኔም አልጠየቅሁት። አሁን ሁለቱም የሉም። እናቴን ግን አንድ ጊዜ፣ ታምማ ተኝታ ሳለ፣ አባባን ተቀይመሽው ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«ምን ብዬ እቀየመዋለሁ?» አለችኝ። «ሊያኮራኝ ነው የደከመው። አባቴም ቢሆን ሳይታረቀኝ አልሞተም። ይቅርታውን ግን ለሌላ ሰው እንደተላከ አድርጌ ነው የተቀበልሁት።» ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሰሞኑን እኔም ስም መርሳት ጀምሬአለሁ። የልጅ ልጆቼን አንዱን በሌላው ስም ስጠራ ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን አያቴን አስባለሁ። ያስተማሯቸው፣ የዳሯቸው፣ በየቀኑ የሚጦሯቸው ሁሉ ከልባቸው ሲጠፉ፣ የቀረችላቸው ያባረሯት ልጅ ነበረች። እኔስ ቀኑ ሲደርስ ማንን ጥሩልኝ እል ይሆን? ያ ሰው ማን እንደሆነ አሁን፣ ገና ልቤ ሙሉ ሳለ፣ ባውቀው እንዴት በወደድሁ።