ጋቢ ውስጥ የተደበቀች እጅ

ልጅ ሳለሁ ከጅብም ከጨለማም አብልጬ የምፈራው የአያቴን ጥያቄ ነበር። «ማን መጣ?» ሲሉ ልቤ ድንግጥ ይላል።

ቦዲቲ ዳር በነበረው ቤታቸው፣ ከራት በኋላ ስኳር ድንች ረመጥ ውስጥ ይቀበርና እሳቸው ከምድጃው ማዶ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው በወላይትኛ ተረት ይጀምሩልን ነበር። አተራረካቸው የራሳቸው ነው። አውሬው ብቅ ሲል ስሙን አይጠሩም፤ በጣቶቻቸው ጆሮ፣ ቀንድ ወይም ምንቃር ሠርተው «ማን መጣ?» ይላሉ። ቀድሞ ላወቀ የመጀመሪያዋ የበሰለች ስኳር ድንች ትሰጠዋለች።

እኔ ከጭሱ ማዶ የሚታየኝ አንድ ድብልብል ያለ ነገር ብቻ ነበር። ያኔ ሰው ሁሉ እንደኔ የሚያይ ይመስለኝ ስለነበር፣ ሌሎቹ ልጆች ብልህ እኔ ደግሞ ደደብ ነኝ ብዬ አመንኩ። ይህ እንዳይታወቅብኝ ከታላቅ ወንድሜ ከማርቆስ ጎን እለጠፍና አፉን ሲከፍት ጠብቄ አብሬው እጮሃለሁ።

ማርቆስ ነቃብኝ። አንድ ምሽት አያቴ «ማን መጣ?» ሲሉ ጆሮዬ ሥር «ጥንቸል» አለኝ፤ እኔም «ጥንቸል!» ብዬ ጮህኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ለካ የአያቴ እጆች ጋቢያቸው ውስጥ ነበሩ፤ ገና ምንም አላሳዩም።

እሳቸው ግን አልሳቁም። «ዝም በሉ!» ብለው ተቆጡና «ነይ እስቲ ልጄ» ብለው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ሌሎቹ ሲተኙ «ከሩቅ አይታይሽም አይደል?» አሉኝ። አለቀስኩ። ትምህርት ያስቀሩኛል ብዬ ፈርቼ «ለአባቴ እንዳይነግሩብኝ» ብዬ ለመንኳቸው፤ እሳቸውም ቃላቸውን ጠበቁ። ከዚያ ወዲያ ምልክቱን አፍንጫዬ ሥር አምጥተው ያሳዩኝ ነበር። ክፍል ውስጥ ግን ሰሌዳውን አፍንጫዬ ሥር የሚያመጣልኝ አልነበረም። መነጽር ያደረግኩት ለሁለተኛ ደረጃ ሶዶ ስገባ ነው፤ ያኔ አያቴ አርፈው ነበር።

አሁን እዚሁ ሶዶ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለችኝ፣ ቤተል። መነጽር ካደረገች ሁለት ዓመቷ ነው። በየምርመራው የመነጽሯ ቁጥር ሲጨምር እንቅልፍ አጣለሁ። ሐኪሙ መነጽሯን እንዳታወልቅ፣ ከስልክ ይልቅ ደጅ ወጥታ እንድትጫወት ነግሮናል፤ እኔም እሱን ይዤ ቀኑን ሙሉ እጨቀጭቃታለሁ። ባለፈው ሳምንት መምህሯ ጠርታኝ «መነጽሯን ቦርሳ ውስጥ ነው የምታስቀምጠው» አለችኝ። ቤተልን ለምን እንደሆነ ስጠይቃት አቀርቅራ «አራት ዓይና ይሉኛላ» አለችኝ።

የዚያን ዕለት አመሻሹ ላይ መብራት ሄደ። ሻማ አበራሁና ተረት ጀመርኩላት። ቤተል መነጽሯን አላደረገችም፤ ከክፍሉ ማዶ አልጋው ላይ ተቀምጣለች። እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅኩና «ማን መጣ?» አልኳት።

«ጥንቸል!» አለች ፈጥና።

ወይኔ ልጄ! ሄጄ አቀፍኳትና የአያቴን ነገር፣ የማርቆስን ሹክሹክታ፣ ያን ሁሉ ዓመት የተሸከምኩትን ፍርሃት አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ከዚያ ተነሥታ ቦርሳዋን በርብራ መነጽሯን አደረገችና ቦታዋ ተመለሰች።

«በይ እንደገና» አለችኝ።

እጄን እንደገና ደበቅኩ። «ማን መጣ?»

«ኧረ እማዬ! እጅሽን አውጪያ!»

ሳቅኩ፤ እንባዬም መጣ። ነገ ክፍል ውስጥ ታወልቀው ይሆን? አላውቅም፤ ያም ያስጨንቀኛል። አያቴ ምስጢሬን የጠበቁት ስለሚወዱኝ ነው። ግን ምነው ለአባቴ በነገሩብኝና መነጽር ቀድሜ ባደረግኩ እላለሁ፤ ጣቶቻቸው ከእሳቱ ማዶ ምን እንደሚመስሉ አንድም ቀን ሳላይ ነው የሞቱብኝ።